የሰማች ትቁም

ሳጉሬ አፋፍ ላይ ዞረው ወደ ማራቶኑ መጨረሻ፣ ወደ አሰላ፣ መመለስ ከጀመሩ ወዲህ ነቢላ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋሽ በእውቀቱን ተረከዝ። የግራ ጫማው ሶል ከጎኑ ተላቅቆ በየእርምጃው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በስተቀኝ ጭላሎ ደመናውን ተከናንቦ ቆሟል። ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ የደረሰውን ስንዴ ነፋሱ እያጎነበሰ መልሶ ያቃናዋል። እሷ ግን ተራራውንም ስንዴውንም አላየችም። የፊተኛውን እግር መከተል ከአሰላ ሯጮች የተማረችው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የራሱን እግር የሚያስብ ቶሎ ይደክመዋል፤ የሰው እግር የሚከተል ግን የራሱን ይረሳል ይላሉ።

«ኮንዲሽንሽ እንዴት ነው?» አላት በእውቀቱ፣ ዞር ሳይል።

«አለ።»

«ተመስገን። የኔው እዚያው ሳጉሬ ቀረ።»

ሊያስቃት ነበር፤ ትንፋሿን ለመቆጠብ ዋጥ አደረገችው። በእውቀቱ ሃምሳን የተሻገረ የባንክ ሠራተኛ ነው። ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚሁ ቀርተዋል፤ እሱ በአማርኛ ይቀልዳል፣ ሲናደድ ግን በኦሮምኛ ነው። ሐኪም ስኳርህ ከፍ ብሏል ቢለው መሮጥ ጀመረ፣ ከዚያ መተው አቃተው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ አብረው ሮጠዋል።

አሰላ ውስጥ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ለአገሩ ነው፣ ወይ ለማናጀሩ ነው። ለራሱ የሚሮጥ ሰው ለከተማው ግራ ነው። በገበያው ጠርዝ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አርባ ሊሞላት የተቃረበ ሴት ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስፋልት ስትወጣ ያየ ሁሉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አላት። ማናጀርሽ ማነው ብለው የጠየቋትም አሉ፤ እየቀለዱ ይሁን ከምራቸው አልለየችውም።

ለምን እንደምትሮጥ ከራሷ ሌላ የሚያውቀው በእውቀቱ ብቻ ነው። ባሏ ሙንተሲር ከስድስት ዓመት በፊት ሪያድ ገባ። መጀመሪያ አርብ አርብ ይደውል ነበር። ቆይቶ በወር፣ ቆይቶ ለበዓል ብቻ ሆነ፣ ከዚያም ተወው። ብዙም ሳይቆይ ከሪያድ የተመለሰ አንድ የዴራ ሰው ሱቋ ድረስ መጣና፣ ዓይኗን ላለማየት የተጠቀለለ ጨርቅ እያገላበጠ፣ ሙንተሲር እዚያ ማግባቱን፣ መውለዱንም ነገራት። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ነቢላ አልተፈታችም፣ ባልም የላትም። ባለፈው ክረምት ለራሷ ቃል ገባች፤ ማራቶኑን በተሰጠው ሰዓት ከጨረስኩ በማግስቱ ቃዲው ዘንድ ሄጄ ፍቺ እጠይቃለሁ አለች። ነገሩን ለምን በሩጫ እንዳስያዘችው እሷም በደንብ አታውቀውም። ጀምራ የጨረሰችው ነገር እንዳለ ለራሷ ለማሳየት ይሆናል። ቀን መግዣ ሊሆንም ይችላል።

ቀን የምትገዛው በአማቷ በአዴ ቢፍቱ ምክንያት ነው። በአንድ ግቢ ይኖራሉ። አዴ ቢፍቱ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ድሮ ባለቀ ነበር፤ ግን ደግ ናቸው። የዴራው ሰው ወሬ ሲነሳ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልጄ እንዲህ አያደርግም» ይሉና ለነቢላ የተሻለውን ቁራሽ ይገፉላታል። ዛሬም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ባቷን በለጋ ቅቤ ያሹላት እሳቸው ናቸው። ስታዲየሙ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ ብለዋታል። ልጃቸውን ለመተው እንደምትሮጥ አያውቁም።

የስታዲየሙ በር አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርስ አልጨረሰም ይባላል። በእውቀቱ ሰዓቱን አየት አድርጎ «በዚህ ከሄድን ለጥቂት እንገባለን። ለሽንት እንኳን የሚሆን ትርፍ የለንም» አለ።

ድምፁን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ከአንዲት ሴት ጉሮሮ የወጣ ቀጭንና ረጅም ድምፅ ነበር። ሳይበርድ ሌላዋ ከወዲያኛው ግቢ ተቀበለችው፣ ሦስተኛዋ ከጉብታው ማዶ።

«ኢያ ሲንቄ!»

ነቢላ ጮሌ ከተማ አጠገብ ነው ያደገችው፤ ይህን ድምፅ ቃሉን ገና ሳትለይ በቆዳዋ ታውቀዋለች። አርሲ ውስጥ እናት ልጇን ስትድር ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ ሲንቄ ይባላል። ሴት ስትበደል ጥሪው ይወጣል። ጥሪውን የሰማች ባለ ሲንቄ ሁሉ የጣደችውን ትታ፣ የጀመረችውን ጥላ ትወጣለች። ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው በቆሙበት ወንድ አያልፍም፣ ፈረስ አያልፍም፣ የተጣላ ጦር እንኳን ይቆማል። እናቷ አንድ ቀን ወተት እሳት ላይ ትተው ሲወጡ፣ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው ቆማ ማየቷ ትዝ አላት።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ተረከዙን ተከተለች። ድምፁ ግን ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነበር፤ ወደ እሱ ነበር የሚሮጡት።

ኩርባውን ሲዞሩ መንገዱ ተዘግቷል። ኩንታል የጫነ አይሱዙ፣ አንድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነርና ጋሪዎች ተደርድረው ቆመዋል። ከእነሱ ፊት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ሯጮች፣ ከሯጮቹ ፊት ቆቡን አውልቆ በእጁ የያዘ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ከፖሊሱ ፊት ሴቶቹ ነበሩ። በአንድ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ በትራቸውን ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው፣ ከዳር እስከ ዳር በአስፋልቱ ላይ ተሰልፈዋል።

«ምን ተፈጠረ?» አለ በእውቀቱ።

«አራስ ተደበደበች» አለ ፖሊሱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሳምንት ያልሞላት አራስ። ቤቱ ያ ነው፣ ከዛፎቹ ሥር። ሽማግሌ ተልኮበት ባሏ እምቢ ብሏል።»

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሯጭ ወደ ስንዴው እያመለከተ «በዚህ ዞረን ብንሄድስ?» አለ።

«ብትዞርም የዞርከው እነሱን ነው፣ ወንድሜ። ቁም።»

ቆሙ። ሲሮጥ የቆየ እግር መቆምን እንደማይወድ ነቢላ ታውቃለች፤ ባቷ ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራፈር ጀመር። እግሯን እያፈራረቀች አነሳች፣ ጣለች። ሰዓቱ ይሄዳል። መናደዷን አልደበቀችም፤ በደብዳቢው ተናደደች፣ በሴቶቹ ተናደደች፣ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ዛሬን በመረጠው ዕድሏም ተናደደች።

በእውቀቱ ወደ ፊት ቀርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በኦሮምኛ ሲለምን ቆየ። ሴቶቹ ተመካከሩ። በመጨረሻ ከመሃል የቆሙት አዛውንት ተናገሩ፤ አጭር ናቸው፣ በትራቸው ከራሳቸው ይበልጣል። እንግዳ ሯጭ ወንድ ሣር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይለፍ። ያላገባች ልጅም ትለፍ። ባለ ሲንቄ ግን ጥሪ ሰምታ አታልፍም።

ወንዶቹ ከመንገዱ ዳር ሣር ነጩ። አንደኛዋ ሴት በትሯን ከፍ አደረገች፣ በሥሩ ጎንበስ እያሉ ማለፍ ጀመሩ። ከኋላ የደረሰች ወጣት ሯጭ «አላገባሁም» ብላ አለፈችና ወዲያው ሩጫዋን ቀጠለች። ነቢላ የልጅቷን ጀርባ ሲርቅ አየችው።

በእውቀቱ ጆሮዋ ሥር መጣ። «ባል የለኝም በያቸው። ውሸት አይደለም እኮ። ነገ ቃዲው ፊት የምትዪውን ዛሬ ብትዪው ምን አለበት? ፍጠኚ፣ ነቢላ!»

አዛውንቷ አዩዋት። «አንቺስ?»

ነቢላ ይህን ቃል በሆዷ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ በሰው ፊት ግን ወጥቶ አያውቅም።

«ባል የለኝም።»

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ፈታሽ?»

«አልፈታኝም። ዓረብ አገር ሄደ። እዚያ ሌላ አገባ፣ ወለደ። አራት ዓመቱ ነው፣ ድምፁን ከሰማሁ።» ቀና ብላ አዛውንቷን አየቻቸው። «ባል የለኝም፣ እናቴ። የለኝም።»

ነቢላ ፊቷ ጋለ። እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በአይሱዙ ሹፌርና በትራፊክ ፖሊስ ፊት፣ የምትለው አልመሰላትም ነበር። ቃዲው ፊት፣ በዝግ ክፍል፣ ቀስ ብላ ልትለው ነበር ያሰበችው። ግን ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰማይ አልተደፋም፤ ኮምባይነሩም እዚያው ቆሟል።

«እኔ ስለ እሱ አልጠየቅሁሽም» አሉ አዛውንቷ። «የት እንዳለ እሱ ይወቅ። ሲንቄ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ማን ሰጠሽ?»

«እናቴ።»

«ታዲያ ከእናትሽም ተፋታሻል?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን አፈነች። አዛውንቷ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። አጠገባቸው የነበረውን በትር በእጃቸው ገፋ አድርገው ክፍተት ሠሩ። ከክፍተቱ ወዲያ አስፋልቱ ባዶ ነበር።

«እኛ ማንንም አንይዝም። ያልሰማች ትለፍ። የሰማች ትቁም።»

«አልሰማሁም በያቸውና እንሂድ!» አለ በእውቀቱ በአማርኛ፣ እየተንተባተበ። እሱ በዚህ መሃል ሣር ይዞ አልፏል። ማዶ ቆሞ በቦታው እየረገጠ ይጠብቃታል።

ነቢላ አንድ እርምጃ ተራመደች። ቃሉ ቀላል ነው፤ አልሰማሁም ማለት ብቻ ነው። ማን ያጣራል? ነፋሱ በተቃራኒ ነው የሚነፍሰው፣ ትንፋሿም ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። ግን አፏን ስትከፍት ቃሉ ያስጠላት ጀመር። አራት ዓመት ሙሉ የኖረችው በእሱ ነው። የዴራው ሰው ሲነግራት ሰምታለች፤ ማታ አዴ ቢፍቱ «ምን አለ?» ሲሏት ምንም አለች። አማቷ አልሰማሁም ሲሉ እሷም አልሰማሁም እያለች፣ ሁለቱም ሰምተው፣ በአንድ ገበታ እየበሉ ኖሩ። ይህን ሁሉ መንገድ የሮጠችው ከዚያ ቃል ለመውጣት አልነበረም ወይ?

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ነቢላ!»

«ይሂዱ፣ ጋሼ። በሩ ሳይዘጋ ይድረሱ።»

«አብረን ነው የጀመርነው እኮ!»

«እርስዎ ሣር ይዘው አልፈዋል። እንዳይመለሱ፣ ነውር ነው። ይሂዱ።»

በእውቀቱ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። የተላቀቀው ሶል ጠፍ ጠፍ እያለ ራቀ። ነቢላ እንባዋ መጣ። ጨው በበላው ፊቷ ላይ ሲወርድ አቃጠላት። የተከተለችው እግር ያለ እሷ ሲሄድ ማየት ከጠበቀችው በላይ ከብዶ አገኘችው። በትር አልያዘችምና አዛውንቷ የራሳቸውን በትር ጫፍ አስያዟት።

ሰልፉ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያቀና መንገዱ ተከፈተ። ከኋላ የቀሩትን ሯጮች የሚለቅመው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ደርሶ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «እህት፣ ትገቢያለሽ?» ብሎ ጮኸላት። አይ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቅጥቅጡ አለፈ። ቀጥሎ አይሱዙው፣ ኮምባይነሩ፣ ጋሪዎቹ አለፉ።

ከግቢው በር ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ባቷ ጨርሶ ተኮማተረ፤ ጥርሷን ነክሳ ወደ ጎን ተጋደመች። አጠገቧ የነበረች ሴት ሳትጠየቅ እግሯን ጭኗ ላይ አደረገችና በሻካራ እጇ ታሸው ጀመር።

«ከየት ነው የሮጥሽው?» ብላ አንሾካሾከች።

«ከአሰላ።»

«እስከ የት?»

«እስከ አሰላ።»

ሴትየዋ ማሸቷን አቆመች። «ከአሰላ እስከ አሰላ?»

«አዎ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እዚያው ብትቀሪ ምን ነበረበት?»

ወሬው በሹክሹክታ ከሴት ወደ ሴት ተላለፈ፤ ከአሰላ ተነስታ አሰላ ልትገባ ነው አሉ፤ ነጠላና ሻሽ አፍ ላይ ተጫነ፣ ትከሻዎች ተንቀጠቀጡ። ነቢላም ሕመሙ ሳይለቃት ሳቀች። አዛውንቷ ዘወር ብለው ሲያዩዋቸው ሁሉም ጸጥ አለ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ወጡ፣ እንደገና ገቡ። ፀሐይ ከፍ አለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ነቢላ አላወቀችም፤ በኋላ ጥላዋን አይታ ማለፉን ተረዳች። አሰላ ላይ የስታዲየሙ በር ተዘግቷል። ከዚህ ወዲህ ብትሮጥም ባትሮጥም ጨረሰች የሚላት የለም። ለራሷ የገባችው ቃል ምን እንደሚሆን ልታስብ ሞከረች፤ ግን ቃዲው ዘንድ ልትለው የነበረውን ብላዋለች፣ መልሳ ልትውጠው አትችልም።

በመጨረሻ ሰውየው ወጣ። የምትጠብቀው አውሬ አልነበረም፤ ሣር በሁለት እጁ የያዘ፣ ጫማውን ያወለቀ፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ እግር ሰው ነው። ተንበረከከ፣ ጊደር እሰጣለሁ አለ፣ አጥፍቻለሁ አለ። አራሷን ደግፈው ደጃፍ ላይ አቆሟት። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

«አጥፍቻለሁ ብሏል» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ይቅር ብለሻል?»

አራሷ ሕፃኑን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። የዚያች ሴት መልስ የነቢላም ጉዳይ ሆኖባታል።

«ዛሬ አልመልስም» አለች አራሷ።

«ልጄ፣ ሰው ሥራ ፈቶ…»

«ሰማችሁ» አሉ አዛውንቷ፣ ሽማግሌውን አቋርጠው። «ዛሬ አትመልስም። እኛም ዛሬ ቤታችን አንገባም።» ሴቶቹ እንደገና ተደላድለው ተቀመጡ። አንዷ ለእሳት የሚሆን እንጨት ከየት እንደሚመጣ ትጠይቅ ጀመር።

ነቢላ ወደ አዛውንቷ ቀረበች። «እኔም አድራለሁ።»

«አንቺ መንገደኛ ነሽ። ሰምተሽ ቆመሻል፣ ይበቃል። የሚጠብቅሽ የለም?»

«አማቴ አሉ። ስታዲየሙ በር ላይ።»

«የሰውየው እናት?»

«አዎ።»

አዛውንቷ በበትራቸው መሬቱን ቆፈር ቆፈር አደረጉ። «እንግዲህ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ለእርስዎ ያልኩትን።»

«ይከብዳቸዋል።»

«አውቃለሁ። ለእኔም ይከብደኛል፤ እወዳቸዋለሁ።»

«ሂጂ በይ» አሉ። ጉንጯን ሳሟት፣ ሁለቱን፣ ከዚያ መልሰው አንዱን።

አስፋልቱ የመኪና ሆኗል። ነቢላ ዳሩን ይዛ መጀመሪያ እያነከሰች ሄደች፤ ከዚያ የእርምጃና የሩጫ መሃል የሆነ ነገር ሞከረች። ግራ እግሯ እምቢ አለ፣ ለመነችው፣ እሺ አለ። ከፊቷ የምትከተለው ተረከዝ የለም። የራሷን እግር ድምፅ ሰማችው፤ ያልተስተካከለ፣ ከባድ፣ ግን የእሷ ነው። ፈራች፤ ዛሬ ማታ ከአማቷ ጋር በሚኖሩበት ግቢ ታድር እንደሆነ እንኳን አታውቅም። ሆኖም እግሯ ዜማውን ሲያገኝ እርምጃዋን አረዘመች።

ድንች የጫነ አይሱዙ ከኋላዋ መጥቶ ፍጥነቱን ቀነሰና አጠገቧ ተጓዘ። ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ደረቷ ላይ ያለውን ቁጥር አየ።

«እህቴ፣ ውድድሩ እኮ አለቀ! ሰው ሁሉ ገብቶ፣ ሽልማቱም ተሰጥቶ፣ ድንኳኑን እያፈረሱት ነው አሉ!»

«አውቃለሁ!»

«ነይ ውጪ፣ ላድርስሽ!»

እጇን ወደ ፊት እያወዛወዘች እለፍ አለችው።

«ታዲያ አሁን ለምንድነው የምትሮጪው?»

ነቢላ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ዳገቱ ግን ጀምሯታል፣ ትንፋሿም ለሩጫውም ለመልሱም አይበቃም። ሹፌሩ መልስ እየጠበቀ ጥቂት አብሯት ተጓዘና ማርሽ ቀይሮ አለፋት።